የተገዘተው ኬብል

ስሜ ይታገሱ ነው። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ገና አላወቀኝም ነበር፤ ቢያውቀኝ ሌላ ስም ይፈልግልኝ ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር በደጄ አላለፈም። እናቴ "የዚህ ልጅ ምላስ ከሱ ቀድሞ ይነሣል" ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። አሁን የምነግራችሁም በዚሁ በምላሴ የተነሣ አንዲት ሴት መሬታቸውን ስላጡበት ነገር ነው። መሬቱን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም። ብቻ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ሳለ መሥሪያ ቤቱን ለምን አነካካዋለሁ? ሥራዬ ኔትወርክ ነው። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ስክሪንና ካሜራ የተገጠመለት አዳራሽ አለ። ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ያልቻለ ባለጉዳይ እዚያ ይቀመጣል፤ ዳኞቹ ባሕር ዳር ሆነው ያዩታል፣ ይሰሙታል፣ ይፈርዱለታል ወይም ይፈርዱበታል። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቀን ክፍት ቢሆን ሦስት ቀን ዝግ ነው። ስለዚህ ለገበሬው ያ አዳራሽ ትልቅ ነገር ነው። ከሽንዲ፣ ከማንኩሳ፣ ከየገጠሩ ሌሊት እየተነሡ ይመጡበታል።

አዳራሹን ከባሕር ዳር ጋር የሚያገናኙት ሁለት ስዊቾች ናቸው። ስዊች ማለት ኬብል የሚሰካበት ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው፤ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደሚሄድበት ይመራዋል። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካው ነው። ከአዳራሹም ሁለት ኬብል ይወጣል፤ አንዱ ለላይኛው ስዊች፣ አንዱ ለታችኛው፤ በልክ የተቆረጡ ስለሆኑ የአንዱ ለሌላው አይደርስም። በወጉ ከተዘጋጁ ሁለቱም ይሰካሉ፣ አንደኛው መንገድ ይሠራል፣ ሁለተኛው ተኝቶ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ሲወድቅ ሁለተኛው በራሱ ይነሣል፤ ሰው አያስፈልገውም። በወጉ ካልተዘጋጁ ግን ሁለቱን ባንድ ላይ መሰካት መዓት ነው። መልእክቱ መውጫ ያጣና እንደ አውድማ በሬ ይዞራል፣ ሲዞር ይበዛል፣ ሲበዛ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በሙሉ አንቆ ይገድለዋል።

ይህን የሚከላከል ማስተካከያ ስዊቾቹ ውስጥ አለ። ሥራ ላይም ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማስተካከያው ሲኖር ማንኛውም ኮምፒውተር ሲበራ መስመሩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ መንገዱ እንዳይዞር ያጣራል ማለት ነው። አለቃችን ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ አይሆንላቸውም። "ይታገሱ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀራፈፈው?" አሉ አንድ ቀን። ማግስቱንም አሉ። በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላና ሄጄ ማስተካከያውን አጠፋሁት። ፈጠነ። "አንበሳ!" አሉኝ። እንዳይዞር ሁለተኛውን ኬብል ነቅዬ ሳጥኑ አጠገብ ካለች ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ነገ በደንብ አስተካክለዋለሁ ብዬ። ነገ ነገ ስል ሰባት ወር ሄደ። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ "ምትክ መስመር አለ ወይ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ "አለ" እያልኩ ሞላሁ። ነበረ እኮ፤ ሚስማር ላይ።

ታዲያ የኛ ሰው የተንጠለጠለ ነገር አይቶ አያልፍም። የግቢያችን ጥበቃ አያ ባንተአምላክ ይባላሉ፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ደብር ውስጥ ዕቃ ቤት ሲያገለግሉ የኖሩ፣ የወደቀ ካዩ የሚያነሡ፣ የተፈታ ካዩ የሚያስሩ ሰው ናቸው። የስዊቾቹ ክፍል ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ጠርገው ነው የሚዘጉት። ኬብሉን ተንጠልጥሎ ሲያዩ "ወድቆ ነው" ብለው በቀናነት ሰኩት። የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ቀጥ አለ። እኔ ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ተንከራተትኩ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጽዳት ሠራተኛዋ ሰርካለም ሰካችው። ለሁሉም ነገርኳቸው፤ "እሺ፣ እሺ" አሉ። በሦስተኛው ግን ከበላይ እንግዶች መጥተው አለቃችን አዳራሹን በሚያስጎበኙበት ሰዓት፣ አያ ባንተአምላክ ክፍሉ ያማረ እንዲሆን ብለው ያቺን ኬብል ሰክተው አረፉ። ስክሪኑ እንግዶቹ ፊት ድርግም አለ።

እንግዶቹ እንደወጡ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው መሐል ጠራሁ። ልጅ ሳለሁ ማንኩሳ ድቁና ተቀብያለሁ፤ ካገለገልኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል፤ ግን በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም "ዲያቆን" ነው የሚለኝ። እጄን አነሣሁና "ከዛሬ ጀምሮ ከኔ በቀር ያንን ኬብል የነካ፣ ያወረደ፣ የሰካ፣ በጊዮርጊስ ስም ግዝት ይሁንበት! ከገመዱ ጋር ይታሰር! አሜን በሉ!" አልኩ። አሜን አሉ። አያ ባንተአምላክ ቆባቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው ያሉት። የመዝገብ ቤቷ ራጂያ ብቻ ፋይል እንደታቀፈች በሯ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። "እኔንስ በማን ልትገዝተኝ ነው፣ ዲያቆን?" አለችኝ። "አንቺን በአለቃሽ!" አልኳት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዲያቆን መገዘት አይችልም። ሥልጣኑ የቄስ ነው፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ላስፈራራቸው ብዬ ነው። አስፈራራኋቸውም። ቁልፍ ያልከለከለውን፣ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ያልከለከለውን፣ ግዝቱ ከለከለ። አያ ባንተአምላክ ክፍሉን ሲጠርጉ እንኳ መጥረጊያቸው ወደዚያች ሚስማር አይደርስም፤ ክንድ ያህል ርቀው ነው የሚያልፉት። እኔ ደግሞ ጓደኞቼ መሐል ተቀምጬ "ፈረንጅ ያልደረሰበት ሴኩሪቲ ነው ያስገባሁት" እያልኩ እፎክር ነበር። ወይ ፉከራ!

እትዬ አደይን ያወቅኋቸው ሰኔ ላይ ነው። ከማንኩሳ ገባ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ተድረው ሽንዲ ሲኖሩ አባታቸው ሞቱ፤ ሁለት ጥማድ መሬት ተዉላቸው። እሳቸውም ለጎረቤት በእኩል እንዲያርሰው ሰጥተው ወደ ሽንዲ ተመለሱ። ባላቸው ሲሞቱ ተመልሰው "መሬቴን" ቢሉ ጎረቤቱ "የምን መሬት? ያባትሽ ድንበር ከጅረቱ ወዲህ ነው፤ ከጅረቱ ማዶ ያለው የኔ ነው" አለ። የመሬቱን ደብተር በስሙ አስወጥቶት ቆይቷል። በወረዳ ረታቸው፤ በዞንም ረታቸው። ይግባኙን የሚያዩት የባሕር ዳር ዳኞች ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ገመድ ይዞ ያንን መሬት የለካ ሰው በሕይወት አለ ወይ? አለ። አንድ ሰው ብቻ። አባ ያረጋል ይባላሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ደረታቸው የታመመ፣ ከአልጋ የማይነሡ ሽማግሌ። የቀሩት የድልድሉ ኮሚቴ አባላት ሁሉ አልቀዋል። ስለዚህ ዳኞቹ "እኛው በስክሪን እንስማቸው" ብለው ለሐምሌ ሃያ አራት ቀጠሩ። ችሎት ለክረምት ሊዘጋ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር።

ቀኑን አውቀው ነበር። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ግን ቡሬ ያለው ወዳጄ ሀምዱ፣ እህል ነጋዴ ነው፣ መጋዘኑ ላይ ካሜራ ሊያስገጥም ፈልጎ "ዛሬ ነገ ስትለኝ ወር ሞላህ፤ ካልመጣህ ወዳጅነታችን ይቅር" ብሎ አኮረፈ። እኔም ፈቃድ ሞላሁ። ሁሉ ነገር ተሰክቷል፣ ሁሉ ነገር ይሠራል፣ ምን ይሆናል አልኩ። በጠዋት የቡሬን ሚኒባስ ያዝኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራጂያ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። አባ ያረጋልን ከመንደራቸው እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ነው ያመጧቸው። ከአስፋልቱ በባጃጅ። አዳራሹ ውስጥ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዳኞቹ ስክሪኑ ላይ ታዩ። አባ ያረጋል ማሉ። ዳኛው "ዕድሜዎ ስንት ነው?" አሏቸው። "ሰማንያ ሦስት ነው ይሉኛል፤ እኔስ አልቆጠርኩትም" አሉ፤ ዳኛውም ፈገግ አሉ። "ገመዱን የያዙት እርስዎ ነበሩ?" "እኔ ነበርሁ።" "የአመልካቿ አባት መሬት ታዲያ እስከ የት ድረስ ነበር?" አባ ያረጋል ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። መብራት ሄዶ ወዲያው መጣ። ኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ነበረው፤ አልሞተም። ላይኛው ስዊች ግን ሞተ፤ ተቃጥሎ ኖሯል። ስክሪኑ ላይ ያለው ዳኛ አፉን እንደከፈተ ደረቀ።

ደወሉልኝ። እኔ ቡሬ የሀምዱ መጋዘን ጣሪያ ላይ ነኝ፤ ስልኬ ታች ጠረጴዛ ላይ ናት። ሀምዱ ከብዙ ቆይታ በኋላ ሰምቶ "አንተ! ይቺ ስልክ ልትፈነዳ ነው!" ብሎ ጮኸ። ወርጄ ሳያት ዐሥራ አንድ ጥሪ አምልጦኛል። ስደውል አያ ባንተአምላክ ናቸው ያነሡት።

"አያ፣ ስዊቾቹ ጋ ይሂዱልኝ። ላይኛው መብራት አለው?"

"እዚያው ነኝ ልጄ። ጨልሟል።"

"ታችኛውስ?"

"እሱማ አረንጓዴ እየሆነ ብልጭ ብልጭ ይላል።"

እፎይ አልኩ። "በሉ ኬብሉን ከሚስማሩ ያውርዱና ታችኛው ላይ ይስኩት። ቀይ ምልክት ያለባት ቀዳዳ ናት። በቃ፣ ይመጣል።"

"ግዝት አለበት እኮ፣ ዲያቆን።"

"የገዘትኩት እኔ! የፈታሁትም እኔ! ተፈቷል፣ ይስኩት!"

"በስልክ?"

"ታዲያ በምን?"

"ግዝት በስልክ ሲፈታ አላየሁም። በዐደባባይ ስሙን ጠርተህ አሰርኸው፤ እኛም አሜን አልን። ቄስ ይዘህ መጥተህ ፍታው።"

"አያ ባንተአምላክ፣ ይስሙኝ! እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ዲያቆን አይገዝትም። ሥልጣኑ የለኝም። መጀመሪያውኑም ግዝት አልነበረም፤ ላስፈራራችሁ ብዬ ነው!"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "አንተ ሥልጣን ባይኖርህ ስሙ ሥልጣን አለው" አሉኝ ቀስ ብለው። "በከንቱ ጠርተኸው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።"

ያኔ ፈነዳሁ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። "ሽምግልና ከንቱ! የሰው ጉዳይ እየሞተ እርስዎ ተረት ያወሩልኛል!" ያልኩት ትንሹ ነው። ጨርሼ ስተነፍስ "ልጄ፣ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ አንዲት ቀርታኛለች። አልነካም" አሉኝ። ሀምዱ አጠገቤ ቆሞ ሁሉን ይሰማል፤ ዐይኑን ከኔ ላይ አነሣ።

"ራጂያን ይጥሩልኝ!" አልኩ። ራጂያ ደብዳቤ ይዛ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዳ ነበር፤ ሰው ላኩባት። እኔ የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ፍለጋ መናኸሪያ እሮጣለሁ። ሞልቶ እስኪነሣ ድረስ ሹፌሩን ልነክሰው ደርሼ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ቃሬዛ ተሸክመው የመጡት ገበሬዎች ችግሩን ሰሙ። አንዱ ጎልማሳ "አንድ ገመድ መሰካት ነው? ወዲያ በሉ!" ብሎ ተነሣ። "ግዝት አለበት" ሲሉት እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። በመጨረሻ እትዬ አደይ ራሳቸው ተነሡ። "እኔ እሰካዋለሁ፤ ግዝቱም በኔ ይሁን። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣብኛል?" አሉ። ያስቀመጧቸው አባ ያረጋል ናቸው። "ተይ ልጄ። በግዝት የተገኘ መሬት እህል አያበቅልም። ዳኞቹ ይጠብቁናል፤ ሰው አይደሉ?" አሏቸው።

ራጂያ ስትመጣ ላብ በላብ ሆና ነበር። ነገሩን ሰምታ "እኔ አልተገዘትኩም፤ አሜንም አላልኩም" አለች፤ ገባች፣ ኬብሉን አወረደች፣ ቀይ ምልክት ያለባትን ቀዳዳ አገኘች፣ ሰካች። ጠቅ የምትል ድምፅ ናት። ስክሪኑ መጣ። ሦስት ባዶ ወንበር ታየ። ወረቀት የምትሰበስብ አንዲት ጸሐፊ ቀና ብላ ካሜራውን አየችና "ውይ፣ አሁን ተነሡ እኮ! ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ነው። ለጥቅምት ዐሥራ ሁለት ተቀጥሯል" አለች። በስልክ እንኳ ይስሟቸው ብላ ራጂያ ለመነች። "ምስክር ፊቱ ሳይታይ አይሰማም፤ ደግሞ ሌላ መዝገብ ገብተዋል" አለች ጸሐፊዋ። አንዲት ጠቅታ! እኔ ሰባት ወር ያልሠራኋት፣ ራጂያ ባንድ ትንፋሽ የሠራቻት።

እኔ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ አባርቷል። አባ ያረጋል ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተጋድመዋል፤ የተሸከሟቸው ሰዎች ባጃጅ ፍለጋ ወጥተዋል። እትዬ አደይ እግራቸው ስር ተቀምጠዋል። ሁሉን ልነግራቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ፣ መንገድ ላይ ተዘጋጅቼ ነበር። ገና ሳልናገር እትዬ አደይ "ምን ታደርግ ልጄ፤ ኔትወርክ ጠፋ። የእግዜር ነገር ነው" አሉኝ። አያችሁ፣ በኛ አገር "ኔትወርክ ጠፋ" ማለት "በረዶ ጣለ" እንደማለት ነው፤ ማንም ማንንም አይከስበትም። አለቃችንም መዝገቡ ላይ "በኔትወርክ መቆራረጥ ምክንያት" ብለው ጻፉ። ገባሁበት፤ እዚያች ቃል ውስጥ ተሸሸግሁ። አፈርኩ፤ ግን ተሸሸግሁ።

አባ ያረጋል ግን በዐይናቸው ጠሩኝ። "አንተ ነህ የመኪናው ባለሙያ?" አሉ፤ ስክሪኑን መኪና ነው የሚሉት። "ነኝ አባ።" "እንግዲያ ላንተ ልንገርህ። ልናገር ስል ነው የጠፋብኝ፤ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።" ነገሩኝም። ድንበሩ ጅረቱ አይደለም፤ ጅረቱ ከድልድሉ በኋላ ነው መንገዱን የለወጠው። ከጅረቱ ማዶ፣ ከሾላው ሥር የተቀበረ ሰንጣቃ ድንጋይ አለ፤ በእጃቸው የቀበሩት ራሳቸው ናቸው። ከሾላው እስከ ቀበሮ ጉድጓዱ ሁለት ገመድ፤ ያ ሁሉ የአደይ አባት ነው። ቃል በቃል ነገሩኝ፤ መሐል መሐል እየሳሉ። ጨርሰው "አሁን ቀለለኝ" አሉ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ልቅዳቸው እንኳ አላልኩም። ሥራዬ ምትክ ማዘጋጀት የሆነ ሰው፣ አንድ ነገር በሁለት ቦታ ካልተቀመጠ የለም ማለት ነው እያልኩ ሰልጣኝ የማስተምር ሰው፣ ቆሜ ሰማሁና "ይማርዎ አባ" ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ቄስ አንዷለምን ይዤ ሄጄ ግዝቱን አስፈታሁ። ቄሱ አያ ባንተአምላክ ፊት አሳጡኝ፤ "ስሙን መጫወቻ አደረግኸው እንዴ?" አሉና ስግደት ቀኖና ሰጡኝ። ጠበል ሊረጩ ሲሉ "አባቴ፣ ሳጥኖቹን አደራ" አልኩ፤ ማንም አልሳቀም። አያ ባንተአምላክን ይቅርታ ጠየቅሁ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ስገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው "ደህና አደሩ?" ይሉኛል። አንቱ ሆንኩባቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ ስዊች መጣ። የዙሩን መከላከያ መለስኩት፤ ሁለቱንም ኬብል ሰካሁ፤ አንዱ እንዲሠራ፣ ሌላው ተኝቶ እንዲጠብቅ አደረግሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሃያ! አለቃችንን "ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ ካልፈለጉ ያባርሩኝ" አልኳቸው። "እሺ፣ ምን ያስቆጣል?" አሉ። ለካ ያኔም እንዲህ ብላቸው እሺ ይሉኝ ነበር።

አባ ያረጋል መስከረም ላይ፣ የመስቀል ሰሞን ዐረፉ። የነገረችኝ ራጂያ ናት፤ ቀብራቸው ላይ ሄዳለች። እኔ አልሄድኩም። በምን ፊቴ?

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት እትዬ አደይ ብቻቸውን መጡ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፤ ዳኞች ፊት ነው የሚቀርቡት። እኔ አዳራሹ ጥግ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ዳኛው "ምስክሩስ?" አሉ። "ዐርፈዋል ጌታዬ።" "ነፍስ ይማር።" ወረቀት ገለበጡ። በዚያ መሐል መብራት ሄዶ መጣ። ላይኛው ስዊች ጠፋ፤ ባትሪ ላይ ያለው ታችኛው ተነሣ፤ ስክሪኑ ላይ የዳኛው ፊት ቅንድቡ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከኔ በቀር አንድም ሰው አላወቀም።

"ስለ ድንበሩ የሚያውቅ፣ ከምስክሩ የሰማም ቢሆን፣ ሌላ ሰው አለሽ?" አሉ ዳኛው።

የሰማም ቢሆን አሉ። ሕጉ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ምናልባት ከቁም ነገር አይቆጥሩኝም ይሆናል። ግን ጠየቁ። ሾላው፣ ሰንጣቃው ድንጋይ፣ ሁለቱ ገመድ፣ ሁሉም አፌ ውስጥ አለ። ብነሣ "አንተ ማነህ? ከምስክሩ መቼ ሰማህ? ያን ቀን መስመሩ ለምን ተቋረጠ?" ይሉኛል፤ አለቃችን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሪፖርቱ ላይ ሰባት ወር ሙሉ "አለ" ያልኩት የኔ ፊርማ ነው። በግቢ መሐል የሚጮኸው፣ ሽማግሌ የሚሰድበው ምላሴ፣ እንደ እንጨት ደረቀ። እትዬ አደይ ዞር ብለው አዳራሹን አዩ፤ ባዶውን አግዳሚ አዩ፤ እኔንም አዩ። ምን አስበው እንዳዩኝ አላውቅም። እኔ አረንጓዴዋን መብራት አየሁ።

"የለም ጌታዬ" አሉ።

ዳኛው ጻፉ። ሌላ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያም የሥር ፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ አጸኑት፤ መሬቱ ለጎረቤቱ ጸና። ረጋ ብለው ነው ያነበቡት፤ አንዲት ቃል አልተቆረጠችም። ካነበቡ በኋላ እትዬ አደይ እጅ ነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሲወጡ እኔ ጋ ቆሙ።

"ልጄ፣ እኔ ያልሁት ሁሉ ደርሷቸዋል?"

"ደርሷል እትዬ።"

"የለም ያልሁትም?"

"እሱም ደርሷል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ዛሬስ ኔትወርኩን አላማም" አሉና የማንኩሳ መኪና እንዳያመልጣቸው እየተጣደፉ ወጡ።